ሜዳ ላይ የዋለው ችሎት

በቅሎዬን ጭቃው አንሸራትቷት በጉልበቷ ስትወድቅ፣ እኔ ቀድሜያት መሬት ላይ ነበርኩ።

«ተነሥ እንጂ ሲላስ፤» አለ ዳኛው ከኋላዬ። «ገና ሳንደርስ አለቅህ እንዴ?»

«ደርሼ ከማልቅ እዚሁ ብቀር ይሻለኛል ጌታዬ፤» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ልብሴን አራገፍኩ፤ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆኛል። ከሆሳዕና የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። የሰኔ ዝናብ መንገዱን አላቁጦታል፤ ከፎንቆ ወዲህ ካለችው መንደር ለመድረስ ገና ወንዝ መሻገር ይቀረናል። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ስምንት ነው፤ በዚያን ጊዜ ለዳኛ መኪና የሚሰጥ የለም።

ዳኛው አክሊሉ ይባላል። ከአዲስ አበባ ሕግ ተምሮ ወደ ከምባታና ሀዲያ አውራጃ ፍርድ ቤት ከተላከ ገና ዓመት አልሞላውም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ስለ እሱ ሳወራ ግን «እሱ» የምለው ታናሽ ወንድሜን ስለሚያክልና ስለምወደው ነው። ግራዝማች ወልደ ማርያምን ግን ዛሬም በሌሉበት አንቱ እላቸዋለሁ። ፍርሃት እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

እኔ የችሎቱ አስተርጓሚ ነኝ። ሀዲይኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ሀዲይኛ እመልሳለሁ። ሌላም አስተርጓሚ ነበረን፤ ለዚህ ጉዞ ሲጠራ «አሞኛል» ብሎ ተኛ። በሽታውን አውቀዋለሁ፣ ግራዝማች ወልደ ማርያም ይባላል። እኔስ ለምን አልታመምኩም? ከሳሾቹ መሃል እህቴ አዜብ ስላለች ነው። ይህንኑ ለዳኛው ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ። «ሌላ ሰው ካለ አምጣ» አለኝ፤ የለም። «እንግዲያው ቃል ሳትጨምር፣ ቃል ሳትቀንስ ታስተረጉማለህ፤» ብሎ አስምሎኝ ወጣን።

ነገሩ ይህ ነው። ግራዝማች ያንን መሬት «መንግሥት ጠፍ ነው ብሎ ሰጥቶኛል፤ ሰው አልነበረበትም፣ ከብት ብቻ ነው የሚሰማራበት» ይላሉ። እነ አቶ ሁሴን፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ከነጎረቤቶቻቸው «እኛ እዚያ ተወልደን እዚያ አርጅተናል፤ ሁከት ይወገድልን» ብለው ከሰሱ። ዳኛው የሁለቱንም ሲሰማ ከረመና «ሄጄ በዓይኔ አያለሁ» አለ። ጠፍ ሆኖ ካገኘው አለቀ፤ እህቴ ከነልጆቿ መንገድ ላይ ናት። ባሏን የቀበረችው ባለፈው ዓመት ነው። የት ትገባለች? የእኔ ቤት እንደሆነ ከወንበሬ ስነሣ ከበሩ ጋር የሚያጋጨኝ ክፍል ነው።

ግራዝማች ደግሞ ከመሄዳችን በፊት ሆሳዕና ገበያ ላይ በቅሏቸውን አቁመው ጠርተውኝ ነበር። አልተቆጡም፣ ሳቅ እያሉ ነው የነገሩኝ። «ሲላስ፣ አንተ የምትበላው በምላስህ ነው አይደል? ጠብቃት ልጄ። ብትጠፋብህ ማን ያበላሃል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እህል ሲወርድልኝ አላውቅም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ሞልቶ ነበርና እስኪጎድል ቆምን። ሦስተኛችን አሥር አለቃ ናስረዲን፣ ጠመንጃውን በሸራ ጠቅልሎ ራቅ ብሎ ቆመ። ለችሎቱ ጥበቃ የተሰጠን እሱ ብቻ ነው። የእሱ አለቃ ደግሞ የግራዝማች የክርስትና ልጅ ነው። እንግዲህ ጥበቃው ለማን እንደሆነ አስቡት።

«ሲላስ፣» አለኝ ዳኛው መነጽሩን እየጠረገ፣ «ስለ ቀያይ ሕንዶች ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ሚስዮኖቹ ሥዕላቸውን አሳይተውን ያውቃሉ ጌታዬ። ላባ ያደርጋሉ።»

«አሜሪካ ገና አዲስ መንግሥት ሳለች ወደ ምዕራብ መግፋት ጀመረች። ምዕራቡ ግን ባለቤት ነበረው። ታዲያ ነጮች በአንድ መሬት ተካሰሱ። አንደኛው ወገን ከሕንዶቹ ገዝተነዋል አለ፤ ሌላው ከመንግሥት ነው ያገኘሁት አለ። ለማን የተፈረደ ይመስልሃል?»

«ይህንንም ይጠይቁኛል እንዴ? ከመንግሥት ላገኘው ነዋ!»

«ለእሱ። ሕንዶቹ አዳኞች ናቸው፣ ጫካ ለጫካ ይዞራሉ እንጂ መሬቱ የእነሱ አይባልም ተባለ። ዋናው ዳኛ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃለህ? ድል አድራጊ ያቋቋመው ፍርድ ቤት የድል አድራጊውን ርስት ሊክድ አይችልም አለ። ይህ ሰው እኮ ከዚያ በፊት፣ ሕጉ ምን እንደሚል የሚናገረው ፍርድ ቤት ነው ብሎ መንግሥቱን ጸጥ ያሰኘ ዳኛ ነው!» መነጽሩን አደረገ። «አሜሪካዊው አስተማሪያችን ይህን ሲያስተምረን፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስለ አሜሪካ አልነበረም የማስበው።»

ድል አድራጊ፣ ርስት፣ ፍርድ ቤት... እነዚህን ቃላት በአንድ ላይ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው በዚያ ዘመን ጤነኛ አይባልም። ናስረዲን እንዳይሰማ ዞር ብዬ አየሁት። ወንዙን ይመለከታል።

«ዕድሜው ሲገፋ ግን ያው ዳኛ ለአንዱ የሕንዶች ነገድ ፈረደ» አለ አክሊሉ። «የአካባቢው ግዛት እነዚህ ሰዎች ላይ ሥልጣን የለውም አለ።»

«ተመስገን!»

«ቆይ እስቲ። ፍርዱን የሚያስፈጽም ጠፋ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወታደር መጣና ሕዝቡን ከቀዬው ነቅሎ በእግሩ ወደ ምዕራብ ነዳው። ስንቱ መንገድ ላይ አለቀ! ፍርዱ እኮ በእጃቸው ነበር ሲላስ።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ለፈሪ ሰው በጠዋት ይህ ይወራል?»

«እኔም ስለፈራሁ ነው የማወራው፤» አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከሁለታችን ቢያንስ እሱ አይፈራም ብዬ ነበር።

ውሃው ሲጎድል ተሻገርን። ኮረብታውን ወጥተን ቁልቁል ስመለከት መንገድ የሳትን መሰለኝ።

መንደሩ የለም። የእህቴ ጎጆ የለም፤ የአቶ ሁሴን ቤት፣ ያንን የሚያህል ትልቅ ቤት፣ የለም። ሰማይ የሚጋርደው የእንሰት ጓሮ አንድ ሳይቀር ተመንጥሯል። ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ ሥሩ ሁሉ ተጠርጎ ተወስዷል። በቦታው የቀረው ከብት የረገጠው ጭቃ ነው፤ የግራዝማች ከብቶችም መሃሉ ላይ ቆመው ያመነዥካሉ። ሕዝቡ ከታች ቁልቁለቱ ላይ ተሰብስቧል፤ ሽማግሌ፣ ሴት፣ ሕፃን የተሸከመች እናት፣ ዝናብ እየወረደባቸው። ዓይኔ አዜብን ፈልጎ አገኘ። ታናሽ ልጇን በነጠላዋ ሸፍናዋለች። ስታየኝ እጇን እንኳ አላነሣችም።

«መንደሩ የታለ?» አለ ዳኛው።

«እዚሁ ነበር ጌታዬ። ለፋሲካ መጥቼ ያደርኩበት ነው።»

«እሱን መመስከር አትችልም። አስተርጓሚ ነህ» አለኝ፤ ድምፁ ግን ደርቋል።

ግራዝማች በርኖሳቸውን ደርበው በበቅሎ ላይ ሆነው ጠበቁን። ጠመንጃና ዝናር የታጠቁ አሽከሮቻቸው ከግራ ከቀኝ ቆመዋል። ከበቅሏቸው አልወረዱም። «እንኳን ደህና መጡ ክቡር ዳኛ። በዚህ ዝናብ ባይለፉም ነበር፤ ይኸው እንዳልኩት ነው። የከብት መዋያ!»

ዳኛው ከቦርሳው ወረቀቱን አወጣ፤ ተጣጣፊ ወንበሩን ጭቃው ላይ ተክሎ ተቀመጠና ችሎቱ ተሰይሟል አለ። ናስረዲን ከኋላው ቆመ። አቶ ሁሴንን ጠርተን በቁርአን አስማልናቸው።

«ቤትዎ የት ነበር?» አለ ዳኛው። አስተረጎምኩ።

ሽማግሌው በበትራቸው አመለከቱ። «እዚያ ነበር። ትናንት የግራዝማች ሰዎች መጥተው አፈረሱት። እንሰቱንም ቆርጠው፣ ሥሩን ነቅለው ወንዝ ከተቱት። ከዚያ ከብቱን ነዱበት።»

«ያየ ምስክር አለ?» አሉ ግራዝማች። «እኔም አሽከሮቼም አላየንም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ጠዋት ከታች መጥተው ተሰበሰቡ እንጂ እዚህ ቤት የሚባል ኖሮ አያውቅም። ክቡር ዳኛ በዓይንዎ ይዩ እንጂ!»

ዳኛው ተነሥቶ በጭቃው ተመላለሰ። ከብት የረገጠው ጭቃ የት ቤት እንደነበረበት፣ የት እንዳልነበረበት ምን ይናገራል? እሱ ደግሞ የከተማ ልጅ ነው፤ ምን መፈለግ እንዳለበት አያውቅም። ተመልሶ ተቀመጠ። «አቶ ሁሴን፣ ቤት እንደነበረ የሚያሳይ አንዳች ነገር አለዎት?» አለ፤ የሚለምን ይመስላል።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ሁሉን ወሰዱት።»

ዳኛው እስክሪብቶውን አነሣ። ምን ሊጽፍ እንደሆነ አውቄያለሁ። «ምንም አልተገኘም»። እነዚህ ሁለት ቃላት ከተጻፉ እህቴ አለቀላት።

ያን ጊዜ አዜብ ከቁልቁለቱ ጮኸች፤ በሀዲይኛ ነው።

«የቆጮ ጉድጓዶቹን አልነኳቸውም! የሴት ነገር ስለሆነ ወንዶቹ አፍረው ነው ያልተናገሩት እንጂ ከሥራችሁ አሉ! ንገረው!»

ክው አልኩ። እውነቷን ነው። ቆጮው! ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበረው ቆጮ። ጉድጓዱ ከላይ አፈርና ድንጋይ ተጭኖበታል፤ እንኳን ለባዳ ለባለቤቷም ቦታውን ካላስታወሰች አይታይም። እንሰት ሲፋቅ ደግሞ ወንድ እዚያ አይደርስም፤ ነውር ነው። አቶ ሁሴን ይህን በችሎት ፊት አንሥተው ከሚናገሩ ቤታቸው ቢቀር ይሻላቸዋል። ግራዝማችና አሽከሮቻቸው እንሰት ለመቁረጥ ያወቁትን ያህል ከሥሩ ምን እንዳለ አያውቁም። ጤፍ የበቀለበት አገር ልጆች ናቸው፤ ምኑን ያውቁታል!

«ምን አለች?» አለ ዳኛው።

«ምንም!» አሉ ግራዝማች ከኔ ቀድመው። «ሴትዮዋን ማን ጠራት? ምስክር አይደለችም። አይደለም ሲላስ?» ብለው አዩኝ። ያን ፈገግታ አሳዩኝ። አንዱ አሽከር ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ እንጨት ደረቀች። «አላውቅም፣ አልሰማኋትም» ብዬ ብናገር ማን ይጠይቀኛል? ዳኛው ሀዲይኛ አይችልም። ናስረዲን ይችላል፤ እሱ ግን ዝም ብሏል። ሆሳዕና ገብቼ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። አዜብ ግን የት ትተኛለች?

«ጌታዬ፣» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ፣ «ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ... የቆጮ ጉድጓዶች ከሥራችን አሉ፣ አልተነኩም፣ የሴት ነገር ስለሆነ ወንዶቹ አፍረው ነው ያልተናገሩት አለች። ንገረው አለችኝ። ነገርኩ። ይኸው ነው።»

ግራዝማች ሳቃቸው ጠፋ። ዳኛው ተነሣ። «ይቆፈር፤» አለ። «ሴቶቹ ይምጡ።»

«ማንም ወደ መሬቴ አይገባም!»

«መሬቱ የማን እንደሆነ ገና አልተፈረደም ግራዝማች። አሁን የችሎት ቦታ ነው።» ይህን ሲል እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ፍርሃቱን ሊደብቅ እንደሆነ አጠገቡ የቆምኩት እኔ አውቃለሁ።

ሴቶቹ ወጡ። አሽከሮቹ ጠመንጃ ይዘው እያዩአቸው፣ ከብቱን እየገፉ፣ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ሄደው ተንበረከኩ። ማንም ቦታ አላሳያቸውም። አዜብ በባዶ እጇ ጭቃውን ዛቀች፣ ድንጋይ አነሣች፣ አፈር ጠረገች፣ የጠቆረ የእንሰት ቅጠል ገለጠች። ከቅጠሉ ሥር ነጭ ቆጮ ወጣ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሌላዋ። ያ ሜዳ ሙሉ ጓዳ ነበር። ሽታው ሲነሣ ዳኛው በመሀረቡ አፍንጫውን ያዘ።

«ትናንት ቀብረውት ነው!» ብለው ጮኹ ግራዝማች። «ሊያታልሉዎት ነው!»

ዳኛው ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን አየ። ግድግዳው ላይ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ፣ ታችኛው በስብሶ አፈር ሆኗል። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከሽታው ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩትም። «እኔ ቆጮ አላውቅም ግራዝማች፤» አለ። «ግን ይህ የትናንት ከሆነ አፍንጫዬን ይቁረጡት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳላስተረጉምላቸው ነው የገባቸው።

ተመልሶ ተቀመጠና ጻፈ። ዝናቡ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ እኔ ኮቴን አውልቄ ከለልኩለት። ከዚያ ቆሞ አነበበ፤ እኔም እየተከተልኩ አስተረጎምኩ። «ፍርድ ቤቱ በቦታው ተገኝቶ አይቷል። መሬቱ ጠፍ አይደለም፤ ሰው ሲኖርበት የቆየ ነው። ዋናው ክርክር እስኪፈረድ ድረስ ከሳሾች በየቦታቸው ተመልሰው ቤታቸውን ይሥሩ። ግራዝማች ወልደ ማርያምና ሰዎቻቸው ወደዚህ መሬት እንዳይገቡ ታግደዋል።»

ግራዝማች በቅሏቸውን ወደ ዳኛው አስጠጉ።

«ማን ነው የሚያግደኝ?» አሉ ግራዝማች ቀስ ብለው። «ይህ ወረቀት ነው? ሲላስ፣ የማስተርጎም ሥራህ አላለቀም። ይህንንም ንገርልኝ። ዳኛው ዛሬ ተመልሶ ሆሳዕና ይገባል፣ ነገ ደግሞ ወደ ሌላ አውራጃ ይዛወራል። እኔ ግን እዚሁ ነኝ። በል ንገራቸው!»

ዳኛውን አየሁት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ የተባለ ሁሉ ይተረጎማል። ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረ ነገር በአፌ አላለፈም። አንዳንዶቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ፤ አንዷ ልጇን አንሥታ አዘለች። ወንዝ ዳር የሰማሁት ታሪክ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ፍርድ በእጁ ይዞ የሚነዳ ሕዝብ።

አዜብ ከጉድጓዱ አፍ ተነሣች። እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ነው። «እኛስ የት ሄደን ነው?» አለች። «እኛም እዚሁ ነን በለው።»

ወደ ግራዝማች ዞርኩ። ፊታቸውን ቀና ብዬ ሳይ ያ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። «እኛም እዚሁ ነን ትላለች ጌታዬ።»

«አሥር አለቃ!» አሉ እሳቸው፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ። «ይህን ሕዝብ ከመሬቴ አንሣልኝ!»

ናስረዲን ጠመንጃውን ከሸራው አወጣ። ዳኛው «አሥር አለቃ፣ ትእዛዙን ሰምተሃል። አስፈጽም፤» አለ። የቱን ትእዛዝ እንደሆነ አልተናገረም። ናስረዲን ዳኛውን አየ፣ ግራዝማችን አየ፣ ከዚያ ያን የተከፈተ ጉድጓድ ረጅም ጊዜ አየ። ከወገቡ ጎንበስ አለና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣» አለ ለግራዝማች፤ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስላል፣ «በቅሎዎን ያዙሩልኝ።»

«ምን አልክ አንተ?»

«ታግደዋል ጌታዬ። እባክዎን ያዙሩልኝ፤ ሌላ ነገር ውስጥ አይክተቱኝ። ልጆች አሉኝ።» ጠመንጃውን ግን አላወረደም። አፈሙዙ መሬት ያያል፤ ጣቱ ግን ምላጩ ላይ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ጣት ደግሞ ከማይንቀጠቀጠው የበለጠ ያስፈራል። አሽከሮቹም ይህን አይተው አንዱ አንዱን ተመለከተ።

ግራዝማች ልጓሙን ሳቡ። በቅሎዋ ዞረች። ከብቶቹ ተከተሉ፣ አሽከሮቹም ተከተሉ። ኮረብታውን ሲወጡ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ዳኛው ጭቃው ላይ፣ ከወንበሩ ጎን ተቀመጠ። «ይመለሳሉ?» አለኝ።

«ይመለሳሉ ጌታዬ።»

«መቼ?»

«እርስዎ ሲዛወሩ።»

ናስረዲን ጠመንጃውን ወደ ሸራው ለመመለስ ይታገላል። ሁሉም ኮረብታው ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚመለስ ሰው ይጠብቃል።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» ብላ ጮኸች አዜብ። «ኑ፣ ጉድጓዱን እንክደነው እንጂ! ዝናብ ገብቶ ሊያበላሽብን ነው፤ ለልጆቹ ምን ልንሰጥ ነው?»

ሴቶቹ ተንበረከኩ። አቶ ሁሴን በትራቸውን ጥለው ድንጋይ አነሡ። እኔም፣ ነውሩ ይቅር ይበለኝ፣ ተንበርክኬ በሁለት እጄ አፈር መለስኩ።